መሬት ስለተሸጠ ክስ አይቆምም፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ «ይህን አንብበህ ዝም ትላለህ?» ብሎ አንድ ጽሑፍ ላከልኝ። ስለ አገራችን የመሬት አስተዳደርና የመሬት ክርክር የተጻፈ ነው። የጸሐፊው ዋና ሐሳብ አጭር ነው። ፍርድ ቤቶቻችን በመሬት ክስ የተጥለቀለቁት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ ነው፤ መሬት ይሸጥ ይለወጥ፣ ክሱም ይቆማል ይላሉ። ከዚያ ሌላ አምስት ነገር ይጨምራሉ። የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ለገበሬው ምንም አልፈየደም። የሚስት ስምና ፎቶ ደብተሩ ላይ መግባቱ ትዳር አፈረሰ። ሽማግሌ ከመሬት ጉዳይ ይውጣ። መዝገቡ ኮምፒውተር ውስጥ ሲገባ ጉቦ ይጠፋል። መሬቱ ለሚወሰድበት ገበሬ የሚከፈለው ካሳ ጉዳይ ደግሞ በ2012ቱ አዋጅ ተፈቷል።

ዝም ማለት አልቻልኩም። በሁለተኛ ደረጃ የገጠር መሬት ምዝገባ፣ ማለትም ማሳው በካርታ በሚመዘገብበት ሥራ፣ ሦስት ዓመት በመስክ ቡድን ውስጥ ሠርቻለሁ። ከዚያ በፊትም የገበሬ ልጅ ነኝ። እናቴ ለአንድ ድንበር ስትል ቀበሌና ወረዳ ስትመላለስ እያየሁ ነው ያደግኩት። ጸሐፊው ቅን ሰው እንደሆኑ ከአጻጻፋቸው ይታያል። እሳቸውን ያሳሰባቸው ነገር እኔንም ያሳስበኛል። መድኃኒቱ ላይ ግን አንስማማም።

ከሽያጩ ልጀምር።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አንድ ወረዳ ፍርድ ቤት በር ላይ ቁሙ። ሰነዱን በፌስታል ጠቅልሎ፣ ግድግዳ ተደግፎ ተራውን የሚጠብቀውን ሰው «ጉዳይህ ምንድን ነው?» በሉት። አንዱ ጎረቤቴ ድንበር ገፋብኝ ይላል። ሌላዋ ወንድሜ የአባታችንን መሬት ብቻውን ይዞ አላካፍልም አለኝ ትላለች። ሦስተኛው መሬቱን በእኩል፣ ማለትም አራሹ አርሶ ምርቱን እንዲያካፍለው ሰጥቶ ከተማ ሲሠራ ቆይቶ ነበር፤ ሲመለስ አራሹ አልለቅም አለው። ከባሏ ተፋትታ ድርሻዋን የምትጠይቅ አለች። «ሁከት ይወገድልኝ» ብሎ የከሰሰ አለ። እነዚህ ሰዎች እዚያ የቆሙት መሬት መሸጥ ስላልቻሉ አይደለም። መሬቱ የማን እንደሆነ፣ የት ላይ እንደሚያበቃ፣ ለማን እንደተላለፈ የሚናገር የታመነ መዝገብ ስላጡ ነው። መሬቱ ነገ የሚሸጥ ቢሆን ድንበሩ ያው እንደተገፋ ነው። ወንድምየውም ያው አላካፍልም ይላል። ያን ጊዜ ግን መሬቱን ለሦስተኛ ሰው ሸጦ ብሩን ይዞ መሄድም ይችላል። እህቱ ከማን ጋር ልትከራከር ነው?

አንድ ቦታ ላይ ልክ ናቸው። ሽያጭ በመከልከሉ የመጣ ክርክር በእርግጥ አለ። ወለድ አገድን ማለቴ ነው። ገበሬው ይቸግረዋል። ልጅ ይታመምበታል ወይም በሬ ይሞትበታል። ብር ይበደራል፤ አበዳሪው ብሩ እስኪመለስለት መሬቱን ያርሳል። ዓመታት ያልፋሉ። ብሩ አይመለስም፣ መሬቱም አይለቀቅም። በመጨረሻ አንዱ «ሽያጭ ነው» ይላል፣ ሌላው «ብድር ነው» ይላል። እንዲህ ያለ ጉዳይ ብዙ አይቻለሁ፤ ያንገበግባል። ነገር ግን የዚህ ሰው ችግሩ በጭንቅ ቀን የሚበደርበት ቦታ ማጣቱ ነው። መሬቱን ለመሸጥ አልተነሳም፤ እንዲያውም እንዳይሸጠው ብሎ ነው ወለድ አገድ የገባው። ለዚህ ደግሞ መንገድ ተጀምሯል። አማራ ክልል በ2009 ባወጣው የመሬት ሕግ፣ ፌዴራሉም በ2016ቱ አዋጅ ቁጥር 1324 ገበሬው የመጠቀም መብቱን አስይዞ እንዲበደር ፈቅደዋል። የሚታገል ሰው ካለ፣ ይህ መብት ከወረቀት ወርዶ ገበሬው ብድር የሚጠይቅበት መስኮት ድረስ እንዲደርስ ይታገል።

ጎረቤታችንን ኬንያን ደግሞ እንይ። እዚያ የገበሬን መሬት በግለሰብ ስም እያስመዘገቡ የባለቤትነት ወረቀት መስጠት በስፋት የተጀመረው በቅኝ ግዛት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1954 በወጣው የስዊነርተን ዕቅድ ነው። መሬት ይሸጣል፣ ይለወጣል፣ ባንክ በዋስትና ይይዘዋል። ሰባ ዓመት አለፈው። ክርክሩ ግን አልቆመም። እ.ኤ.አ. በ2004 የንዱንጉ ኮሚሽን የሕዝብ መሬት በሥልጣንና በዝምድና እንዴት እንደተከፋፈለ የሚዘረዝር ዘገባ አቀረበ። የ2010ሩ ሕገ መንግሥታቸው ብሔራዊ የመሬት ኮሚሽን እንዲቋቋም ደነገገ። በ2011 ደግሞ የአካባቢና የመሬት ጉዳይ ብቻ የሚያይ ፍርድ ቤት በሕግ አቋቋሙ። የመሬት ክርክር ያለቀለት አገር እንዲህ ያለ ፍርድ ቤት አያቋቁምም። ገጠር ውስጥ ደግሞ ሌላ ነገር ተፈጠረ። አባት ይሞታል፣ ልጆች በሽማግሌ ይካፈላሉ፣ የመንግሥት መዝገቡ ግን በአባት ስም ይቀራል። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

መንግሥት መሬቱን ባስተዳደረበት መንገድ ሁሉ እስማማለሁ ማለቴ ግን አይደለም። የ1967ቱ አዋጅ ጭሰኛውን ነፃ አውጥቷል፤ በተለይ ለደቡቡ ገበሬ ትልቅ ነገር ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ገበሬው በየጊዜው የድልድል፣ ማለትም መሬት እንደገና ይከፋፈላል የሚል ወሬ እየሰማ ነው የኖረው። በ1989 በአማራ ክልል በተደረገው ድልድል «ቢሮክራት» የተባለ ሰው አራት ጥማድ ብቻ ተትቶለት የቀረው ተወሰደበት። በደርግ ጊዜ በገበሬ ማህበር የተሾመ ሁሉ በዚያ ስም ተጠራ። ይህን የሚያስታውሱ ሰዎች ዛሬም አሉ፤ ስለ መሬት ሲያወሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ጸሐፊው ይህን አንስተው «መንግሥት እንዳሻው የሚወስደው መሬት አስተማማኝ አይደለም» ቢሉ ኖሮ አብሬያቸው እቆም ነበር። ለዚያ ስጋት የሚሆነው መልስ ግን ዛሬ ያለውን ይዞታ ማንም እንዳይነካው አድርጎ ማጽናት ነው።

ይህ ወደ ደብተሩ ያመጣናል። ጽሑፉ ውስጥ በጣም ያሳዘነኝም ይኸው ነው።

የመጀመሪያው ደረጃ ምዝገባ በትግራይ በ1990 ተጀመረ። አማራ በ1995 አካባቢ ገባበት፤ ኦሮሚያና ደቡብ ተከተሉ። አሠራሩ ቀላል ነበር። የቀበሌው የመሬት ኮሚቴ ማሳው ላይ ይወጣል። በገመድ ይለካል። አዋሳኞች ይጠራሉ፤ በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ እገሌ ተብሎ ይጻፋል። ካርታ የለውም። ለአንድ ማሳ ያስወጣው ወጪ አንድ የአሜሪካ ዶላር ገደማ ነበር። በዚህ ዋጋ በሚሊዮን የሚቆጠር አባወራና እማወራ ስሙ የተጻፈበት ደብተር ያዘ። በትግራይ የተደረጉ ጥናቶች ደብተሩ የድንበር ግጭትን እንደቀነሰ፣ ገበሬው እርከኑን እንዲጠግንና ዛፍ እንዲተክል እንዳበረታታው አሳይተዋል። በአማራ ክልልም በአፈር ጥበቃ ሥራና በመሬት ኪራይ ላይ ለውጥ ታይቷል። ነገሩ ግልጽ ነው። ነገ በድልድል ይወሰድብኛል ብሎ የሚሰጋ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ እርከን አይሠራም።

ጉድለቱም የታወቀ ነው። የምሥራቁ ጎረቤት ሲሞት ወይም መሬቱን ሲለውጥ የተጻፈው አዋሳኝ ትርጉም ያጣል። ድንበር ደግሞ በአንድ ቀን አይገፋም። በየክረምቱ አንድ ትልም ነው የሚገፋው። የእናቴ ጎረቤት እንዲህ ነበር ያደረገው። በሦስተኛው ዓመት የድንበሩ ድንጋይ መሐል ማሳው ላይ ሆኖ አገኘነው፤ በአራተኛው ዓመት ድንጋዩም አልነበረም። ገመድ የሚይዘው ርዝመቱንና ስፋቱን ነው። ቦታውን አይይዝም።

ሁለተኛው ደረጃ የመጣው ለዚህ ነው። በእንግሊዝ መንግሥት ድጋፍ የተካሄደው ፕሮግራም ብቻ 14 ሚሊዮን ማሳ ለመመዝገብ ነበር ያቀደው። እኔ የሠራሁበት ቡድን ከአየር የተነሳ ፎቶ በትልቅ ወረቀት ታትሞ ይሰጠው ነበር። ወረቀቱን ሰሌዳ ላይ ወጥረን ማሳው ዳር እንቆማለን። ገበሬው መጀመሪያ ግራ ይገባዋል። ከዚያ የሚያውቀውን ይፈልጋል። «ይቺ የቤተ ክርስቲያኑ ጽድ ናት። ይሄ ወንዙ ነው። ይሄ የሚያበራው የእገሌ ቆርቆሮ ነው።» ከዚያ ጣቱ ወደራሱ ማሳ ይሄዳል፤ አይስትም። ማንበብ የማይችሉ አሮጊቶች ድንበራቸውን በጥፍራቸው እየተከተሉ ሲያሳዩኝ አይቻለሁ። አዋሳኞቹ ቆመው «ልክ ነው» ሲሉ ነው መስመሩ የሚሰመረው።

ያ ካለቀ በኋላ ካርታው ቀበሌው ግቢ ለሕዝብ ይለጠፋል። አንድ ቀን አንዲት ሴት ልጅ አዝላ መጣች። ካርታውን ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ «የእኔ የት ሄደ?» አለች። የእሷ ግማሽ ጥማድ የጎረቤቷ ማሳ ቁጥር ውስጥ ተውጦ ነበር። የእኛ ስህተት ነበር፤ መሐል ያለችውን ቀጭን ቦይ ጥላ መስሎን ዘለናት። ጎረቤቷ ተጠራ። «የእሷ ነው፣ እኔ ምን አገባኝ» አለ። በዚያው ቀን ተስተካከለ። ፍርድ ቤት ቢሆን ይህ ጉዳይ ስንት ቀጠሮ ይፈጅ ነበር? ደብተር አልፈየደም የሚል ሰው ያን ቀን እዚያ ግቢ ውስጥ ቢኖር ብዬ እመኛለሁ።

አሁን የኬንያውን ነጥብ ልመልሰው። ደብተሩ ከተሰጠ በኋላ ያለው ነገር ነው የሚያስጨንቀኝ። ምዝገባ የአንድ ጊዜ ዘመቻ ነው። ሕይወት ግን ትቀጥላለች። ሰው ይሞታል፣ ይወልዳል፣ ያገባል፣ ይፋታል፣ ለልጁ ያወርሳል። እያንዳንዱ ለውጥ መዝገቡ ላይ ካልገባ ደብተሩ በአሥር ዓመት ውስጥ የድሮ ታሪክ ይሆናል። በሠራሁበት አካባቢ የማውቃቸው አራት ወንድማማችና እህትማማች አሉ። አባታቸው ሲሞት በሽማግሌ ተካፍለዋል፤ ተስማምተው ነው የሚኖሩት። ደብተሩ ዛሬም በአባታቸው ስም ነው። ታላቅየው ስም ለማዛወር ሞክሮ ነበር። የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት አምጣ ተባለ። ፍርድ ቤት ምስክር አቅርብ አለው። ምስክር ለማጓጓዝ፣ ምሳ ለማብላት ወጪ አለ። ከተማ ደርሶ መመለስ ቀን ይፈጃል፤ ወቅቱ የአጨዳ ነበር። ሦስት ጊዜ ሄዶ ተወው። «ማን ይከሰናል? እኛው ነን» አለኝ። ልክ ነው፣ እነሱ አይካሰሱም። ልጆቻቸውስ?

ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2013 ባለው ጊዜ ወደ አሥር ሚሊዮን የሚጠጋ ማሳ መዘገበች። ዓለም አደነቃት። እዚያም ገበሬው ያገኘው የረጅም ጊዜ ሊዝ እንጂ ሙሉ ባለቤትነት አልነበረም፤ ይህን ጸሐፊው ልብ ቢሉት ጥሩ ነው። ከዚያ በኋላ ግን እነሱም ያው ችግር ገጠማቸው። ስም ለማዛወር የሚከፈለው ለትልቁም ለትንሹም ማሳ አንድ ዓይነት ነበርና የትንሽ ማሳ ባለቤት ሳያስመዘግብ መገበያየት ቀጠለ። ሁለት አገር፣ ሁለት ሥርዓት፣ አንድ ቁስል። መዝገቡ ገበሬው በእግሩ ሊደርስበት ካልቻለ ይሞታል።

ስለ ሚስት ፎቶ የተጻፈውን ሳነብ ግን ተናድጄ ነበር። ጸሐፊው ደብተሩ በጋራ ስም ከሆነ ወዲህ ሴቶች መክሰስ እንዳበዙ ያነሱና ይህንኑ ለትዳር መፍረስ ማስረጃ ያደርጉታል። ሴትየዋ ድሮ አልከሰሰችም ማለት ድሮ አልተበደለችም ማለት አይደለም። የምትከስበት ወረቀት አልነበራትም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 35 ሴቶች በመሬት ላይ ከወንድ እኩል መብት እንዳላቸው ይናገራል። አማራ ክልል የባልንም የሚስትንም ፎቶ ደብተሩ ላይ አደረገ። ትግራይ በመጀመሪያው ዙር በቤተሰቡ ኃላፊ ስም ብቻ ነበር የሰጠው፤ ባል ባለበት ቤት ኃላፊው ባል ነው።

አባቴ ሲሞት የአባቴ ወንድሞች አርባው እስኪወጣ እንኳ በደንብ አልታገሡም። «መሬቱ የአባታችን ነው፤ አንቺ ወደ አገርሽ ልጆቹን ይዘሽ ግቢ» አሏት። እናቴ መልስ አልሰጠችም። ጓዳ ገብታ ሳጥኗን ከፈተች። ደብተሩን በነጠላ ጠቅልላ ነበር ያስቀመጠችው። አውጥታ ከፊታቸው ዘረጋችው። የአባቴ ፎቶ አለ፤ ከጎኑ የእሷ ፎቶ አለ፤ ሻሽ አስራ፣ ዓይኗን አፍጥጣ። አጎቴ ረጅም ጊዜ ካየው በኋላ «ይህን መቼ ተነሣሽ?» አላት። በዚያው አበቃ። እኔና እህቴ የተማርነው በዚያ መሬት ነው። ስለዚህ ያ ፎቶ ቤት አፈረሰ ሲባል ልቀበል አልችልም። የእኛን ቤት ያቆመው እሱ ነው።

ሽማግሌን በተመለከተ ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዘዋል። ሽማግሌ ያዳላል ይላሉ። ያዳላል። በተለይ ባል ለሞተባት ሴትና ከሌላ አካባቢ ለመጣ ሰው። አይቻለሁ። ግን ሽማግሌን አውጥቶ ሁሉን ለፍርድ ቤት መስጠት ምን ማለት እንደሆነ ያስቡበት። ዳኛው ማሳውን አያውቀውም። ድንጋዩ የት እንደነበር የሚያውቁት እዚያው የኖሩ ሰዎች ናቸው። በኋላ በ2016ቱ አዋጅ የተተካው የ1997ቱ አዋጅ ቁጥር 456ም ክርክር ሲነሳ መጀመሪያ በስምምነት፣ ካልሆነም ተከራካሪዎቹ በመረጧቸው ሽማግሌዎች እንዲታይ ያዘዘው በከንቱ አይደለም።

እኔ የምለው፣ ሽማግሌው ይቆይ፤ ቃሉ ግን ይጻፍ። ዛሬ የሚፈረደው በዛፍ ጥላ ሥር ነው፤ ተመርቆ፣ ቡና ተጠጥቶ ይበተናል። ከአምስት ዓመት በኋላ አንዱ ሽማግሌ ሞቷል፣ ሌላው ረስቷል፣ ልጆቹ «እኛ አልነበርንም» ይላሉ። ያ ውሳኔ በማሳው ቁጥር ተጽፎ፣ ሁለቱም ወገኖች ፈርመውበት ወይም አሻራ አድርገውበት፣ አንዱ ቅጂ ለወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ቢገባ ግማሹ ይግባኝ አይመጣም ነበር ብዬ አምናለሁ። ከሽማግሌዎቹ መሐል ሴቶች ይኑሩ። ሩዋንዳ «አቡንዚ» የሚባሉ የአካባቢ አስታራቂዎችን በሕግ አደራጅታለች፤ ቢያንስ 30 በመቶው ሴቶች እንዲሆኑ ሕጉ ያዝዛል። ይህን ለማድረግ ከአገር አገር መቅዳት አያስፈልገንም። ሽማግሌው አለን፤ ብዕሩ ነው የቀረው።

ኮምፒውተሩን በአጭሩ ልለፈው። ብሔራዊ የገጠር መሬት አስተዳደር የመረጃ ሥርዓቱ ጥሩ ሥራ ነው፤ እደግፈዋለሁ። ከሠንዱቅ ፋይል ማጥፋት ይቀላል፤ ከሥርዓቱ ማጥፋት ዱካ ይተዋል። ነገር ግን ጉቦ የሚበላው መረጃው ከመግባቱ በፊት ነው። ልኬቱ ላይ፣ ምስክሩ ላይ፣ «ነገ ና» የሚለው ቃል ላይ። በሐሰት የተለካ ማሳ ኮምፒውተር ውስጥ ቢገባ በሐሰት እንደተለካ ይቀመጣል። ካርታውን ለሕዝብ መለጠፍና ጎረቤት እንዲያየው ማድረግ ከየትኛውም ማሽን በላይ ይጠብቃል።

የቀረው ካሳው ነው። አዋጅ ቁጥር 1161/2012 ከቀድሞው 455/1997 ይሻላል፤ አልክድም። ድሮ መሬቱን ለዘለቄታው ለሚለቅ ገበሬ የአምስት ዓመት አማካይ ገቢው በ10 ይባዛ ነበር። አሁን ካለፉት ሦስት ዓመታት የበለጠው ዓመታዊ ገቢ ተወስዶ በ15 ይባዛል። አቤቱታ የሚሰማ አካልና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤም ተቀምጧል። ግን የሚባዛው ምንድን ነው? የጤፍና የስንዴ ገቢ ነው። የብዙው ገበሬያችን ይዞታ አንድ ሄክታር አይሞላም። ያው መሬት ከተማ ውስጥ ሲገባ በካሬ ሜትር በሊዝ ይጫረታል። ገበሬው ሁለቱንም ዋጋ ይሰማል። በአዲስ አበባ ዙሪያ ከ2006 እስከ 2008 የታየውን ቁጣ የቀሰቀሰው አንዱ ነገር ይኸው ነበር። አዲስ አበባን በዙሪያዋ ካሉ የኦሮሚያ ከተሞች ጋር ሊያቀናጅ የታሰበው ማስተር ፕላን በጥር 2008 እስኪሰረዝ ድረስ ብዙ ሰው ሞቷል። ስለዚህ «ተፈቷል» የሚለው ቃል ለእኔ ይከብደኛል።

እዚህም ያው መዝገብ ይመጣል። ካሳ ሊከፈል ሲል «ባለይዞታው ማነው?» ይባላል። ደብተሩ በሟች ስም ከሆነ ወራሾቹ እስኪስማሙና ማረጋገጫ እስኪያመጡ ገንዘቡ ይዘገያል። ተስማምተው የኖሩ ወንድማማቾች ብር ሲመጣ የሚጣሉት ያን ጊዜ ነው። ሕገ መንግሥቱ ካሳ በቅድሚያ ይከፈል ይላል፤ በሟች ስም ላለ መሬት ይህ ቃል ብዙ ጊዜ አይሠራም።

ጸሐፊው በዚህ ጉዳይ ሌላ ጽሑፍ ከጻፉ አንድ ነገር እጠይቃቸዋለሁ። በቅርባቸው ወዳለ አንድ የወረዳ መሬት ጽሕፈት ቤት ይሂዱ። የአንድ ቀበሌ መዝገብ ያስወጡ። ከተጻፉት ስሞች ስንቱ በሕይወት እንዳለ ይጠይቁ። ስም ለማዛወር አንድ ገበሬ ስንት ቀን እንደሚፈጅበት፣ ስንት ብር እንደሚያወጣ፣ የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ ወደ ቀበሌው በወር አንድ ቀን ወርዶ ይህን ሥራ እዚያው እንዳይጨርስ ምን እንደከለከለው ይጠይቁ። ያገኙትን ይጻፉልን። እኔም በደስታ አነባለሁ።